በቃል የተነበበው መጽሐፍ

በመጋቢት ወር 1972 ዓ.ም.፣ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ የታመመ ባልደረባዬን ጳውሎስ ሆስፒታል ጠይቄ በእግሬ ወደ ቤቴ ስመለስ አቶ ሸፊን ከሱቃቸው ውጭ አገኘኋቸው። ሰፈራችንን ጉለሌን ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። እኛ ግን አቶ ሸፊን በሥራ ሰዓት ከሱቃቸው ውጭ ካየን ወይ ሰው ሞቷል ወይ ቤት ተቃጥሏል ብለን እንደነግጣለን። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያች ባንኮኒ ጀርባ ቆመው ስኳር፣ ክብሪት፣ ሳሙናና ላምባ ሲሸጡ ኖረዋል። ለጁምዓ ሶላት ካልሆነ በቀር በሩን አይዘጉም። ያን ዕለት ግን በሩ ተዘግቷል፤ እሳቸውም ወረድ ብሎ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬቱን በጭራሮ ይጭራሉ።

«እንደምን ዋሉ አቶ ሸፊ? ምነው፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ መምህር ስብሐት። እርስዎን አላህ ራሱ ነው ያመጣልኝ።» ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «አንዲት ነገር ልጠይቅዎ። እሑድ የማነበው ወረቀት፣ እ... ማለቴ ያ የመዝጊያው ቃል፣ ዛሬ ሊሰጡኝ ይችላሉ?»

ነገሩ እንዲገባ ስለ ራሴ ጥቂት መናገር አለብኝ። ቀን ቀን የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ በቀበሌያችን አዳራሽ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። በዚያ ዙር አርባ ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ ሸማኔዎች፣ ከሸጎሌ የሚመጡ የከብት ነጋዴዎች፣ ዘበኞች። ከሁሉም የሚበልጡት አቶ ሸፊ ነበሩ። ሌላው በየፊደሉ ሲደናቀፍ እሳቸው መጽሐፉን ገልጠው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አሳርፈው፣ ያለ አንዳች ማቋረጥ ያንበለብሉታል። ፈተናው ሲመጣ አርባ ሁለቱም አለፉ። ወሬው የቀበሌዎቹ የበላይ እስከሆነው ከፍተኛ ድረስ ደረሰና የትምህርት ጣቢያችን አንደኛ ተባለ።

እሑድ በመዝጊያው በዓል እንግዶች ይመጣሉ፤ የቀበሌው የኪነት ቡድን ቲያትር ያሳያል፤ ጎበዝ የተባለው ተማሪ ደግሞ በሕዝብ ፊት ወጥቶ የመዝጊያውን ቃል ያነባል። ያንን ሰው ምረጥ ስባል ሳላመነታ አቶ ሸፊን አልኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። አንደኛ የወጣው ጣቢያ መምህር የአካባቢው ጣቢያዎች ሁሉ አስተባባሪ እንደሚሆን ሰምቼ ነበርና፣ የእንግዶቹን እጅ እንዴት አድርጌ እንደምጨብጥ መስተዋት ፊት ቆሜ ሁለት ጊዜ ተለማምጃለሁ።

«ወረቀቱ ታሽጎ ነው የሚመጣው» አልኳቸው። «እኔም አላየውም። አዲስ ጽሑፍ ማንበብ መቻልዎን ሊያዩ ስለፈለጉ ነው።»

«እርስዎም አያዩትም?»

«አላየውም።»

ጭራሮውን ጣሉት። «እንግዲያው መምህር፣ እሑድ ሆዴን ያመኛል።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው። የእሑዱን ሕመም ከአሁኑ በምን አወቁት?»

«ሲመጣ ይታወቀኛል። ሆዴ በእናቴ ነው የወጣው።»

ሰውየው አንድ ነገር እንደጨነቃቸው ገባኝና ሱቁን እንዲከፍቱልኝ ለመንኳቸው። ከፈቱ። የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው አስቀመጡኝ፤ እሳቸው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሙ። አፋቸውን ለመክፈት ሲዘጋጁ ጀላል ገባ። ጀላል የእህታቸው ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ማተሚያ ቤት የሚሠራ፣ በቀበሌው ኪነት ውስጥ ደግሞ ሰው የሚያስቅ ሚና ሁሉ ለእሱ የሚሰጠው ረጅም ልጅ ነው።

«አጎቴ፣ ኮትዎን ልዋስ ነበር የመጣሁት» አለ። «እሑድ የምጫወተው ሰውዬ ትልቅ ሰው መምሰል አለበት። እርስዎ ማንበብ ሳይጀምሩ በፊት አውልቄ እሰጥዎታለሁ።»

«ውሰደው።»

«በቃ እንዲህ በቀላሉ?»

«ውሰደው አልኩህ። ለእኔ ከእንግዲህ አይሠራልኝም።»

ጀላል ተደናግጦ ወደ እኔ ዞረ። ያ ግራጫ ኮት ለእሑድ ተብሎ ከተሰፋ ገና ሳምንቱ ነው፤ አቶ ሸፊም ለደንበኛው ሁሉ ጨርቁን አስዳስሰዋል።

«ሁለታችሁም ተቀመጡ» አሉ አቶ ሸፊ። «ልናገር ነው። መምህር፣ ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ይጥሩልኝ።»

«ሃያ ሦስት።»

ዐይናቸውን ጨፈኑ። መጽሐፉ በአጠገባቸው የለም። «ምንጭ ከተራራ ሥር ይፈልቃል። ምንጩን በንጽሕና መጠበቅ የሁላችንም ሥራ ነው። ውኃን አፍልተን እንጠጣ...» እያሉ ገጹን እስከ መጨረሻው ነጥብ ድረስ አወረዱት። ቀጥሎ አሥራ አንድን ጠራሁ፤ እሱንም ተወጡት። ሠላሳ አራትን ጠራሁ፤ እሱም እንዲሁ።

ከመደርደሪያው ሣጥኖች አንዱን አነሣሁና በላዩ ላይ የተጻፈውን አሳየኋቸው። «ይህ ምን ይላል?»

«ሳሙና።»

ተንፈስ አልኩ። «ይኸው አነበቡ አይደለም?»

«መምህር፣ ሣጥኑ የሳሙና ነው። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

ከኪሴ እስክሪብቶ አውጥቼ በስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ «ዝናብ» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ሸፊ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞሩት፣ አቀረቡት፣ አራቁት፣ ከዚያም እንዳይሰበር የፈሩ ይመስል ቀስ ብለው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«ልጅ ሳለሁ አገሬ ስልጤ ቁርኣን ልማር ሸኹ ዘንድ ተቀምጬ ነበር» አሉ። «ሸኹ አንዴ ይላሉ፣ እኛ እንደግማለን። ሦስተኛው ላይ ልቤ ይይዘዋል። ጆሮዬ የተገራው ያኔ ነው። ክፍልዎ ስገባ ወይዘሮ ደሳለች ከጎኔ ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ እሰማለሁ። የጎደለውን ጀላል ይሞላልኛል።»

«እኔ?» አለ ጀላል። «አነባበብህን ልስማ ብለው መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ያስነበቡኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ጀላል ሳቁን መያዝ አልቻለም። አቶ ሸፊ ፊታቸው ጠቆረ። «ይኸው መምህር። የገዛ እህቴ ልጅ ሳቀብኝ። እሑድ ደግሞ አራት መቶ ሰው ይስቃል።»

«ይቅር ይበሉኝ አጎቴ። የሳቅሁት በራሴ ነው። ልክ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፄን አሳምሬ ነበር ያነበብኩልዎ።»

«እንግዲያው ካዘንክልኝ አንድ መላ አለ። እሑድ መጋረጃው ጀርባ ትቆማለህ። አንዲት አንዲት መስመር በሹክሹክታ ትልልኛለህ፤ እኔ ጮክ ብዬ እላለሁ። ለሦስት ደቂቃ ነው። ማን ያውቃል?»

ጀላል ሳቁን አቆመ። «አጎቴ፣ ይህ እኮ የእኛ ቲያትር ነው። እንዳለ የእኛ ቲያትር።»

«ምን ይላል ቲያትራችሁ?»

«አንድ ሰውዬ አለ፣ ፈረስ መጋለብ አያውቅም። ሰዎች መሃል ተቀምጦ ግን 'እንደ እኔ ያለ ፈረሰኛ የለም' ይላል። ይሰሙትና የሰርግ አጃቢ ፈረሰኞች አለቃ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ሥራው ሰበብ መፈለግ ብቻ ይሆናል። ፈረሱ ደክሞታል ይላል። ኮርቻው ጠበበኝ ይላል። ነፋሱ ከእንጦጦ በኩል ስለሆነ አይጋለብም ይላል። በመጨረሻ ጓደኛው ከፈረሱ ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ እንዲይዘው ይለምነዋል።»

አቶ ሸፊ ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ሰበሰቡት። «እና እኔ ያ ሰውዬ ነኝ?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ አንድ ነገር ልንገርዎ። ስንለማመድ ቲያትሩ ረዘመብንና አሳጥሩት ተባልን። እኔም ሰውዬው ገና ሲጠየቅ 'ፈረስ አላውቅም፣ አስተምሩኝ' ይበል አልኩ። ሞከርነው። በሦስት ደቂቃ አለቀ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ የሚሳቅበት ነገር ጠፋ። ሰው አለማወቅ አያስቀውም አጎቴ። የሚያስቀው አውቃለሁ ብሎ እግሩን ርካቡ ላይ ያደረገ ሰው ነው።»

በዚህ ጊዜ እኔ ራሴን እየነቀነቅሁ እሰማ ነበር። ልጁ የተናገረው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ወጣት ትክክል ሲሆን ቶሎ ያሸነፈ ይመስለዋል፤ አቶ ሸፊ ደግሞ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም።

«ጥሩ ተናገርክ» አሉ። «አሁን እኔን ስማ። ያ ሰውዬ አውቃለሁ ባይል ኖሮ ማን ፈረስ አጠገብ ያደርሰው ነበር? ቤቱ ተቀምጦ ይቀር ነበር። መመኘቱ ነው ያስዋሸው። እኔም እንደዚያው። በሕይወቴ አንድ ቀን ሰው ፊት ቆሜ፣ ወረቀት ይዤ፣ ሰው ጸጥ ብሎ እንዲሰማኝ ተመኘሁ። ይህ ኃጢአት ነው?»

«መመኘቱ ምንም አይደል። እኔ እኮ ያንን ሰውዬ እወደዋለሁ። ባልወደው አልጫወተውም።»

«ቆይ አልጨረስኩም። አንተ መድረክ ላይ ሰው ሲስቅብህ ኮቱን ታወልቅና ጀላል ሆነህ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ። እኔ ኮቴን ለብሼ ነው የምገባው። ሰኞ ጠዋት እዚህ ባንኮኒ ላይ ቆሜ 'ያ ማንበብ ያቃተው ሸፊ' እየተባልኩ ክብሪት እሸጣለሁ። ይህ ልዩነት ይታይሃል?»

በዚህ መሃል የአቶ ሸፊ የልጅ ልጅ ጀዊሪያ፣ ገና ዓመቷ ነው፣ ከጓዳው በር ብቅ አለች። የስኳር ጆንያውን ይዛ ቆመች፣ ለቀቀችው፣ ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቁጭ አለች። አቶ ሸፊ ንዴታቸውን ረስተው ሳቁ። ልጅቱም ሳቀች፤ ተነሣችና እንደገና ወደቀች።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ወደቀች?» አለ ጀላል።

«ማን ይቆጥራል? ከጠዋት ጀምሮ ስትወድቅ ነው።»

«በወደቀች ቁጥር ይስቁባታል?»

«እንዴት አልስቅ።»

«ታዲያ ንቀዋታል?»

«ምን ያወራል ይህ ልጅ! ሕፃን ናት። ሕፃን ሞኝ መሆን ይፈቀድላታል።»

«ለእኛስ ማን ከለከለን?»

አቶ ሸፊ ልጅቱን አንሥተው ታቀፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር ዝም አሉ። የተማሩት እርስዎ ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱን።»

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። ስለ እውነት ታላቅነት፣ ስለ ዕውቀት ብርሃን፣ ራስን ማታለል ስለሚያመጣው ጉዳት፣ ያውም በተመረጡ ቃላት እያስዋብኩ ብዙ ተናገርኩ። አሁን ሳስበው ለእሑድ ያዘጋጀሁትን የራሴን ንግግር ግማሹን እዚያው ጨርሼዋለሁ። አቶ ሸፊ በትሕትና እስከ መጨረሻው ሰሙኝና እንዲህ አሉኝ፦

«ጥሩ ምክር ነው፣ አላህ ይስጥልኝ። አንዲት ጥያቄ ብቻ አለችኝ። በፈተናው ቀን ስንተኛውን ገጽ አንብብ ነበር ያሉኝ?»

«ሃያ ሦስትን ይመስለኛል።»

«ሃያ ሦስትን ነው። እኔ ግን የመጽሐፉ ቅጠል ተጣብቆብኝ የገለጥኩት አሥራ ዘጠኝን ነበር። ጨርሼ ሳበቃ ነው ያየሁት። አሥራ ዘጠኝ ላይ የዶሮ ሥዕል አለ። እኔ ስለ ምንጭ አነባለሁ፣ ጣቴ ዶሮዋ ላይ ነው። እርስዎ ደግሞ አጠገቤ ቆመው ነበር።»

አንባቢዬ፣ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ዶሮዋን አይቻታለሁ። በደንብ አይቻታለሁ፤ ራሷ ላይ ቀይ ኩክኒ ያላት ዶሮ ናት። አይቼ ሳበቃም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ «እጅግ ጥሩ» ብዬ ምልክት አደረግሁ። ከአርባ ሁለት አርባ አንድ የሚለው ቁጥር ለጆሮዬ አልጣመም ነበር። ሌሎችም እንዲሁ ዐይቼ እንዳላየሁ ያለፍኳቸው እንደነበሩ ያን ሰዓት ትዝ አለኝ።

«አይቻለሁ» አልኳቸው።

«ዶሮዋን?»

«ዶሮዋን። አስተባባሪ መሆን ፈልጌ ነበር። የእጅ አጨባበጥ ሁሉ ተለማምጃለሁ።»

«እንዴት ያለ አጨባበጥ?»

ተነሥቼ አሳየኋቸው። አንገቴን ቀና፣ ደረቴን ነፋ፣ እጄን ዘርጋ አደረግሁ። መጀመሪያ የሳቁት አቶ ሸፊ ናቸው፤ ሳቃቸው ከሆዳቸው እየወጣ ሲመጣ ልጅቱን ለጀላል አቀበሉና ባንኮኒው ላይ ተደገፉ። ጀላል ተከተለ። እኔም አልቀረሁም። ላምባ ሊገዙ የመጡት ዱጉማ የሚባሉት ዘበኛ፣ እሳቸውም ተማሪዬ ናቸው፣ በሩ ላይ ቆመው ምን እንደሆንን ሳያውቁ አብረውን ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ አቶ ሸፊ ዐይናቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ቂሉ አንድ እኔ ብቻ አይደለሁም» አሉ፤ ድምፃቸው የቅድሙ አልነበረም። «ሦስት ቀን አለን። በሦስት ቀን ማንበብ ይቻላል?»

«አሳምሮ ማንበብ አይቻልም» አልኩ። «አስቀያሚ አድርጎ ማንበብ ግን ይቻላል። እርስዎ መጽሐፉን በሙሉ በልብዎ ይዘዋል። ይህ ታላቅ ስጦታ ነው፤ እኔ የለኝም። አሁን የሚቀርዎት ድምፁን ከምልክቱ ጋር ማስተዋወቅ ብቻ ነው። ቀስ እያሉ ይበሉት፤ አንድ ድምፅ ባሉ ቁጥር ጣትዎ አንድ ፊደል ይለፍ።»

«አስቀያሚ ንባብ» አሉ ለራሳቸው። «እሞክረዋለሁ። ሆዴ ካመመኝ ግን እንዳትወቅሱኝ።»

ያኔውኑ መጽሐፉን አስመጥተን ጀመርን። እሳቸው ገጽ ሃያ ሦስትን ቀስ ብለው ይላሉ፣ ጣታቸው ከድምፁ ጋር ይሄዳል። በመጀመሪያ ጣቱ ይቀድማል፤ ድምፁ ይቀራል። አንዳንዴም ድምፁ ያልቅና ጣቱ መሃል መስመር ላይ ሥራ ፈቶ ይቆማል። አሥር ጊዜ መለስናቸው። በአሥራ አንደኛው ሁለቱ እኩል ደረሱ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ያ «ዝናብ» ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት ባንኮኒው ላይ እንደተኛ አገኙት፤ «ዝ... ና... ብ» አሉ፣ ከዚያም ሱቁን ለልጃቸው ለዓሊማ ትተው ሁለት መንገድ አቋርጠው ሊነግሩኝ መጡ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከመደርደሪያው ዕቃ ሁሉ እያወረዱ ሲያነቡ አገኘኋቸው። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንን ክብሪት ሸጫለሁ» አሉኝ፣ «ለካ ስም አለው!» ያን ቀን በጳውሎስ መንገድ አልፈው እያንዳንዱን መድኃኒት ቤት ቆመው አንብበዋል፤ አንዱ ባለ መድኃኒት ቤት በሽተኛ መስለውት ወጥቶ ምን ሆኑ ብሏቸዋል።

እሑድ ሆዳቸውን አላመማቸውም።

አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ከከፍተኛው የመጡት ጓድ፣ ቀጭን ረጅም ሰው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ቲያትሩ ታየ። ጀላል በአጎቱ ግራጫ ኮት ሆዱን ነፍቶ ሲገባ ገና አፉን ሳይከፍት ሕዝቡ ሳቀ። ነፋሱ ከእንጦጦ በኩል ነው ሲል ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ወጡ። ከፈረሱ ሆድ ሥር የተንጠለጠለው ጓደኛው ሲወድቅ ወይዘሮ ደሳለች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ አለቀሰች። ቲያትሩ ሲያልቅ የቀበሌው ሊቀ መንበር ተነሥተው የአቶ ሸፊን ስም ጠሩ።

አቶ ሸፊ በሸሚዝ ብቻ ሆነው መድረኩ ጥግ ላይ ቆመዋል። ጀላል ኮቱን አውልቆ ወደ ጓዳ ሊሸሽገው ሲል እጁን ያዙት። «አምጣ» አሉት። ለበሱት። አሁን የተሳቀበትን ኮት ለብሰው ወደ መሃል ሲወጡ አዳራሹ እንደገና በሳቅ ተናጋ። አቶ ሸፊ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። እኔም ከመጀመሪያው ረድፍ ሆኜ እንደሳቸው ፈርቻለሁ።

«ወንድሞቼና እህቶቼ» አሉ። «እናንተ የምታውቁት ሸፊ ቶሎ ቶሎ ያነባል። እሱ ያነብ የነበረው በጆሮው ነው። መጽሐፉን በቃሉ ይዞት ነው። በዐይኔ ማንበብ የጀመርኩት ሐሙስ ዕለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ንባቤ አስቀያሚ ነው። የሚስቅ ይሳቅ፣ እኔ እስክጨርስ አልወርድም።»

ሕዝቡ ጆሮውን ሰጣቸው። ታሽጎ የመጣውን ወረቀት ከፈቱት። የመጀመሪያዋን ፊደል አይተው ቆሙ። አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ ቀጭኑ ጓድ አዩ። «ገና በመጀመሪያዋ ፊደል ተያዝኩ። ይህችን አልተዋወቅኋትም፤ ወረቀቱ የእርስዎ ስለሆነ ይንገሩኝ።»

ጓዱ ከወንበራቸው ወጣ ብለው አዩና «ጓ» አሉ።

«ጓ... ዶ... ች። ጓዶች።» አዳራሹ ሳቀ። አቶ ሸፊም አብረው ሳቁ። «ዛ... ሬ። ዛሬ። የ... ም... ና... ከ... ብ... ረ... ው...» አንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ተመለሱበት። ላቡ በጆሯቸው ሥር ወረደ። መጀመሪያ ሰው የሚስቀው ሲሳሳቱ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን አንድ ቃል ሙሉ ሆኖ በወጣ ቁጥር መሳቅ ጀመረ፤ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ቃል በወጣ ቁጥር ማጨብጨብ ጀመረ። የወረቀቱን ስድስት መስመር ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው አላውቅም። የመጨረሻዋን ቃል ሲሏት ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር።

ጭብጨባው ሳያባራ ወይዘሮ ደሳለች የምስክር ወረቀት ከሚጠብቁት ሰልፍ ወጣች። «እኔም አንዳንዱን ገጽ በጆሮዬ ነው ያለፍኩት» አለች። ዱጉማም ባርኔጣቸውን አውልቀው «እኔም» አሉ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ከአቶ ሸፊ ጋር አሥር ሆኑ።

ጓዱ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ይህንን ያውቁ ነበር?»

የተለማመድኩት የእጅ አጨባበጥ ትዝ አለኝ። «አውቅ ነበር» አልኩ። «አንደኛ መውጣት ፈልጌ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእነሱ አይደለም።»

«በዚህ ወር አሥራ አንድ ጣቢያ አይቻለሁ» አሉ ጓዱ። «በሁሉም ቦታ ያንበለብላሉ። አንድም ሰው ፊደል ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።» ወደ ጸሐፊያቸው ዞር ብለው «ያለፉት ሠላሳ ሁለት ብለህ ጻፍ» አሉት። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጥተው የአቶ ሸፊን እጅ ጨበጡ።

እኔ አስተባባሪ አልሆንኩም፤ ጣቢያችንም አንደኛነቱን አጣ። ግን በሚቀጥለው ዙር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አሥሩም ተመልሰው መጡ። ከእነሱ ጋር ደግሞ ከዚያ በፊት ስንለምናቸው «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ይሳቅብኝ?» እያሉ የቀሩ ከስልሳ የማያንሱ አዳዲስ ሰዎች መጡ። አቶ ሸፊ በአራት መቶ ሰው ፊት ተስቆባቸው ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ሱቃቸውን ሲከፍቱ አይተዋልና ፍርሃታቸው ለቀቃቸው። ወይዘሮ ደሳለች ዛሬ ሆስፒታል ስትሄድ የምትገባበትን ክፍል ራሷ አንብባ ታገኛለች። ዱጉማም የአውቶቡሱን ግንባር አይተው ይሳፈራሉ እንጂ እንደ ድሮው መንገደኛ አይለምኑም።

እኔም ከዚህ የተማርኩትን ልናገር። ምኞት ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ሞኝ መባልን ነው። ፍርሃቱ ሲበዛበት ወይ የተመኘውን ሳይጀምር ይተዋል፣ ወይም እንደ አቶ ሸፊና እንደ እኔ የሌለውን አለኝ ይላል። ቲያትር ቤት ገብተን የምንስቀው በዚህ ሁለተኛው ነው፤ ያ ፈረሰኛ እስከ መጋረጃው መዘጋት ድረስ ሰበብ መፈለጉን አይተውም፣ ደራሲው አይፈቅድለትምና። እኛ ግን ይፈቀድልናል። በማንኛውም ሰዓት መሃል ላይ ቆመን ይህችን አላውቃትም ማለት እንችላለን። እንዲህ ያለ ሰው ለጥቂት ቀን ሞኝ ይባል ይሆናል፤ ሆኖም ፈረሱን የሚማረው እሱ ነው። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ልጆቻችሁም ሆኑ ሽማግሌዎቻችሁ አዲስ ነገር ሲጀምሩ ሳቁ፣ ሳቅ አይጎዳም፤ ግን አብራችሁ ተቀመጡና የጎደላቸውን ፊደል ንገሯቸው።

በሰኔ ወር አንድ ቀን ስኳር ልገዛ ሱቃቸው ገባሁ። ሦስት ሰው ቀድሞኝ ቆሟል፤ አቶ ሸፊ ግን አንዳችንንም አላዩም። ባንኮኒው ላይ ተደፍተው፣ ከአገራቸው ከታላቅ ወንድማቸው የመጣ ደብዳቤ ይዘው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ በጣታቸው ይከተላሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከአገር የመጣላቸውን ደብዳቤ ሁሉ ያነበበላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እየሰማ ጮክ ብሎ ስለሚያነበው ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ጋር ተጣላ የሚለው ሁሉ ሳይመሽ ሸጎሌ ይደርስ ነበር። ማንም አልተናገራቸውም፤ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ጨረሱ። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አፋቸው ግን ይስቃል።

«ደኅና ናቸው?» አልኳቸው። «ምን ይላሉ?»

አቶ ሸፊ ደብዳቤውን አራት አድርገው አጠፉና በደረት ኪሳቸው ከተው ቁልፏን ቆለፉ።

«አይነገርም» አሉ። «እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ጉለሌ የማያውቀው የወንድሜ ወሬ ሲኖረኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስንት ኪሎ ስኳር ልመዝንልዎ?»